አንድ መምህር፣ ሦስት ክፍል



ለዚህ ወር አምዳችን መነሻ የሆኑን ከደቡብ ወሎ ገጠር ለጉዳይ አዲስ አበባ የመጡ አንድ አባት ናቸው፡፡ ከዙሁር ሶላት በኋላ ጎራ ብለው ሲያጫውቱን ቆይተው የልጆቻቸውን ነገር አነሡ፡፡ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ሴት ልጅና የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ አሏቸው፡፡ ሁለቱም የሚማሩት ከመንደሩ አጠገብ ባለች ትንሽ ትምህርት ቤት ነው፡፡ መምህር በማነሱ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉት ልጆች ተጠቃለው በአንድ ጣራ ሥር በአንድ መምህር እጅ ገብተዋል፡፡ «ሦስተኛ ክፍል የደረሰች ልጄ ፊደል ከሚቆጥረው ወንድሟ ጋር አንድ ክፍል ተቀምጣ ትውላለች፡፡ ይህ ትምህርት ነው ወይስ የሕፃን ማቆያ?» አሉን፡፡ ያሰቡትም ልጅቱን ደሴ ለምትኖር እህታቸው ሰጥተው፣ ለየክፍሉ መምህር ካለው ትልቅ ትምህርት ቤት ማስገባት ነበር፡፡

እውነቱን ለመናገር እኛም «ደግ አስበዋል» ብለን ነበር የሸኘናቸው፡፡ ለእኛ ትምህርት ቤት ማለት በሩ ላይ «3ኛ ሀ»፣ «3ኛ ለ» ተብሎ የተጻፈበት ነውና ሌላ መልስ አልመጣልንም፡፡ ሳምንት ሳይሞላ ግን ሰውዬው ተመልሰው መጡ፡፡ ለባለቤታቸው ስልክ ደውለው ሐሳባቸውን ቢነግሯቸው የመጣው ምላሽ ሌላ ሆነባቸው፡፡ «እኔ ቁርኣን የቀራሁት ከታላላቆቼም ከታናናሾቼም ጋር አንድ ምንጣፍ ላይ ነው፤ ማን ክፍል ከፈለልን? ደግሞስ ልጄ ደሴ ሄዳ ደብተር ነው የምትይዘው ወይስ የአክስቷን ልጅ ነው የምታዝለው?»

ሁለቱም ጥያቄ ወደ እኛም የተወረወረ ነበርና አፈርን፡፡ የሁለተኛው መልስ ከብዙ ቤት ይታወቃል፡፡ «ትማር» ተብላ ከዘመድ ቤት የተላከች ልጅ ውኃ ቀድታ፣ ቤት ጠርጋ፣ ሕፃን አስተኝታ፣ ደብተሯን የምትገልጠው ሌላው ሰው ሲተኛ ነው፡፡ አክስት ሁሉ እንዲህ ነች አንልም፤ ይሁንና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከእናቷ ስትለይ የምትከፍለው ዋጋ አለ፡፡ ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥያቄ ተገቢውን ክብደት ሰጥተን ልንመረምረው ተገደድን፡፡ በዕድሜና በደረጃ የተለያዩ ልጆች አንድ ላይ መማራቸው በእርግጥ ጉዳት ነውን?

እንደሚታወቀው ልጆችን በዕድሜ ከፋፍሎ ለየብቻ ማስተማር ጥንት የነበረ ነገር አይደለም፡፡ የጀርመኗ ፕሩሲያ ልጆችን በክፍል እየደለደለች የምታስተምርበት ሥርዓት የሌሎችን አገሮች ዐይን የሳበው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው፡፡ አሜሪካዊው ሆረስ ማን እ.ኤ.አ በ1843 አውሮፓ ሄዶ ይህንኑ ተመልክቶ ሲመለስ ሥርዓቱን አወደሰ፡፡ በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ግድም ቦስተን ከተማ ለየክፍሉ የተለየ ክፍልና የተለየ መምህር ያለው ትምህርት ቤት ተሠራ፡፡ ለከተማ የሚመች ሐሳብ ነበር፤ ብዙ ልጅ በአንድ ሠፈር ይገኛላ፡፡ በገጠር ግን እዚያው አሜሪካ ውስጥ እንኳ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ድረስ ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤቶች በብዙ አሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ፡፡ እንግዲህ የክፍል በር ላይ የምናየው ቁጥር ከሁለት መቶ ዓመት ያልበለጠ የአስተዳደር ዘዴ ነው ማለት ነው፡፡ ጠቃሚ ዘዴ ነው፤ ግን የልጅ ተፈጥሮ ያወጣው ሕግ አይደለም፡፡

የእናትየው የቁርኣን ቤት ምሳሌ ደግሞ ስናጤነው ካሰብነው በላይ ጥልቅ ሆኖ አገኘነው፡፡ ቁርኣን ቤት ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ለውሕ አለው፡፡ አንዱ ከአሊፍ ባ አልወጣም፣ ሁለተኛው ፋቲሓን ጨርሶ አጫጭር ሱራዎች ላይ ነው፣ ሦስተኛው ጁዝዕ እየቆጠረ ነው፡፡ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጮክ ብለው ይቀራሉ፤ ከውጭ ለሚሰማው ጫጫታ ነው፣ ለውስጡ ግን እያንዳንዱ የራሱን ነው የሚሰማው፡፡ ሸይኹ አንድ በአንድ ይጠሩና ያስቀሯቸዋል፡፡ ከፍ ያለው ልጅ ዝቅ ያለውን ያዳምጣል፣ ስሕተቱን ያርማል፡፡ ልጁ የያዘውን ካላወቀ ለውሑ አይታጠብም፤ ካወቀ ግን የጓደኞቹን ማወቅ አይጠብቅም፡፡ የአጨዳ ወራት ሁለት ወር ያስቀረው ልጅ ሲመለስ «ክፍል ደገመ» አይባልም፣ ካቆመበት ይቀጥላል፡፡ በቄስ ትምህርት ቤትም ያደጉ ወገኖቻችን ከፊደል ቆጣሪው እስከ ዳዊት ደጋሚው በአንድ የኔታ ሥር እንደዚሁ መማራቸውን ያውቁታል፡፡

ይህን ስንል የድሮውን ሁሉ ለማወደስ እንዳልሆነ ይታወቅልን፡፡ ስድሳ ልጅ ለአንድ ሸይኽ ሲሆን የሚደርሰው ተራ አጭር ነው፡፡ በአለንጋ የተሸፈነ የማስተማር ጉድለትም ብዙዎቻችን ጀርባ ላይ አርፏል፡፡ ሆኖም ሁለት ነገር ማስታወስ ይገባል፤ ልጅ በራሱ ርምጃ ይሄዳል፣ ያወቀ ላላወቀው ያሳያል፡፡ በዘመናዊው ትምህርት ጥምር ክፍልን በደንብ የሚያሠሩ አገሮችም የሚመኩት በእነዚሁ በሁለቱ ነው፡፡

ጃፓንን እንመልከት፡፡ ጃፓን ድሃ አገር አይደለችም፡፡ ግን በተራራዎቿና በትንንሽ ደሴቶቿ ላይ ልጅ አነሰ፡፡ ስለዚህ በአገሪቱ የክፍል አደረጃጀት ደንብ መሠረት የሁለት ተከታታይ ክፍሎች ተማሪዎች ተደምረው ከ16 ካልበለጡ በአንድ መምህር ሥር ይጠቃለላሉ፤ አንደኛ ክፍል ካለበት ደግሞ ቁጥሩ ከ8 እንዳይበልጥ ተደርጓል፡፡ ፊደል የሚለይ ልጅ የመምህሩን እጅ አብዝቶ እንደሚፈልግ ተገንዝበዋል፡፡

መምህሩ ሁለቱን ክፍሎች እንዴት ነው የሚይዛቸው? ጃፓኖች ለዚህ ሁለት ቃላት አሏቸው፡፡ አንደኛው «ዋታሪ» ነው፣ መሻገር እንደማለት፤ መምህሩ ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው የሚመላለስበት ነው፡፡ ሁለተኛው «ዙራሺ» ይባላል፣ ፈቀቅ ማድረግ ማለት ነው፡፡ ይኸውም የሁለቱ ክፍሎች ትምህርት አንድ ሰዓት ላይ እኩል እንዳይጀምር ሆን ብሎ ማዛነፍ ነው፡፡ ለምሳሌ ሦስተኛ ክፍል አዲስ የማባዛት ትምህርት የሚጀምር ከሆነ መምህሩ መጀመሪያ እዚያ ይቆማል፡፡ በዚያን ጊዜ አራተኛ ክፍል ትናንት የተማረውን ማካፈል በደብተሩ ላይ ይሠራል፡፡ ሦስተኛዎቹ ነገሩ ገብቷቸው መልመጃ ሲጀምሩ መምህሩ ተሻግሮ የአራተኛዎቹን ሥራ ያያል፣ ስሕተቱን ያነሣል፣ አዲሱን ይቀጥላል፡፡ በብዙ እንዲህ ዓይነት ክፍሎች አንድ ሰሌዳ ከፊት ሌላው ከኋላ ይሰቀልና ሁለቱ ቡድኖች ጀርባ ለጀርባ ይቀመጣሉ፡፡ መምህሩ ሌላኛው ዘንድ ሳለ ከተማሪዎቹ አንዱ በተራው ውይይቱን ይመራል፡፡ «በተራው» የምትለዋን ቃል አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ወደ እሷ እንመለሳለን፡፡

«የእኛ አገር ክፍል እኮ ስምንት ልጅ ሳይሆን ስልሳ ነው» የሚል አይጠፋም፡፡ እውነት ነው፡፡ ስለዚህ ከእኛ ኑሮ ጋር ቀረብ የሚለው የኮሎምቢያ ታሪክ ነው፡፡ የኮሎምቢያ ገጠር ተራራማ ነው፤ ገበሬው ቡና ያመርታል፤ በለቀማ ወራት ልጆች ከትምህርት ቤት ይቀራሉ፤ አንድ ወይም ሁለት መምህር ብቻ ያላቸው ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው፡፡ በቀድሞው አሠራር የቀረ ልጅ ይወድቃል፣ የወደቀ ይደግማል፣ የደገመ ይተዋል፡፡ እ.ኤ.አ በ1975 ቪኪ ኮልበርት የተባለች የትምህርት ባለሙያ፣ ኦስካር ሞጎዮን ከተባለ የገጠር መምህርና ከቤሪል ሌቪንጀር ጋር ሆና «ኤስኩዌላ ኑዌቫ» (አዲስ ትምህርት ቤት) የተሰኘውን አሠራር ጀመረች፡፡

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው፡፡ ልጁ በራሱ እያነበበ፣ ከጠረጴዛ ጓደኞቹ ጋር እየተወያየ፣ እየሞከረ የሚሄድበት የመልመጃ መጽሐፍ ተዘጋጀ፡፡ መጽሐፉ «አሁን ከጓደኛህ ጋር ተነጋገር»፣ «ይህን ቤት ሄደህ አባትህን ጠይቅ»፣ «ሠርተህ ለመምህርህ አሳይ» እያለ ይመራዋል፡፡ በመሆኑም መምህሩ አንድን ትምህርት ለሁሉም ሲለፈልፍ አይውልም፤ እየተዘዋወረ የተቸገረውን ያግዛል፡፡ የክፍሉ ጥግ ላይ ከአካባቢው የተሰበሰበ ዘር፣ ድንጋይ፣ ቅጠል፣ የእርሻ መሣሪያ ይቀመጣል፡፡ ልጆቹ የመንደሩን ካርታና የእርሻውን የወራት ሰሌዳ ይሥላሉ፡፡ ተማሪዎች ኮሚቴ መርጠው ውኃውን፣ መጻሕፍቱንና ጽዳቱን ያስተዳድራሉ፡፡ ከሁሉም በላይ ከክፍል ወደ ክፍል ማለፉ ቀን አልተቆረጠለትም፤ ልጁ የያዘውን ሲጨርስ ያልፋል፣ ቡና ሊለቅም የቀረው ሲመለስ ካቆመበት ገጽ ይቀጥላል፡፡ ስናነበው «ለውሕ!» አልን፡፡

ውጤቱስ? የላቲን አሜሪካ አገሮች የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች እ.ኤ.አ በ1997 በዩኔስኮ አስተባባሪነት በቋንቋና በሒሳብ ተፈትነው ነበር፡፡ ከተሳተፉት አገሮች መካከል የገጠር ልጆቿ ከትላልቅ ከተሞች በስተቀር የከተማ ልጆችን በልጠው የተገኙባት ኮሎምቢያ ብቻ ነበረች፡፡ ለዚህም በዋነኛነት የተመሰገነው ይኸው አሠራር ነው፡፡ ኮልበርት በ2013 በዶሃ ቀጠር የሚሰጠውን የዋይዝ የትምህርት ሽልማት አግኝታለች፡፡ ነገር ግን የዚህ ታሪክ ሌላው ገጽም መነገር አለበት፡፡ በ1980ዎቹ መንግሥት አሠራሩን በአገር ደረጃ ለማዳረስ ሲቸኩል መጽሐፉ ያልደረሰው፣ መምህሩም ያልሠለጠነበት ብዙ ትምህርት ቤት ስሙን ብቻ ይዞ ቀርቷል፡፡ በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ጥምር ክፍል ያው የጥንቱ ጥምር ክፍል ነው፡፡

እዚህ ላይ ትንሽ ወጣ ብለን የምንጠቅሰው ነገር አለ፡፡ ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ በ1907 ሮም ውስጥ በድሆች ሠፈር የልጆች ቤት ስትከፍት ልጆቹን በየዓመቱ አልከፋፈለችም፡፡ በኋላም በስሟ የሚጠሩ ትምህርት ቤቶች የሦስት ዓመት የዕድሜ ልዩነት ያላቸውን ልጆች ሆን ብለው አንድ ክፍል ያውላሉ፡፡ ዛሬ በአዲስ አበባ «ሞንቴሶሪ» የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ የለጠፈ መዋዕለ ሕፃናት ብዙ ነው፤ ወላጅም ይከፍላል፡፡ የገጠሩ አባት በነፃ ሲያገኘው የሚያፍርበትን ከተሜው በገንዘብ ይገዛዋል ብንል ማጋነን ይሆንብን ይሆን?

አሁን ደግሞ ወደ አደጋው፡፡ ትልቁ ልጅ ትንሹን ማስተማሩን መጠቀሚያ ያደረጉትም ነበሩ፡፡ በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አንድሩ ቤል የተባለ ስኮትላንዳዊ ቄስ በሕንድ ማድራስ የወንድ ወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ኀላፊ ነበር፡፡ የአገሬው ልጆች አሸዋ ላይ እየጻፉ ሲማሩ አይቶ እሱም አሸዋ አስዘርግቶ፣ ትልልቆቹ ትንንሾቹን እንዲያስተምሩ አደረገ፤ በ1797ም ይህንኑ ጽፎ አሳተመ፡፡ በለንደን ደግሞ ጆሴፍ ላንካስተር አንድ መምህር ብቻውን መቶዎችን በተማሪ አለቆች አማካይነት የሚያስተምርበትን ትምህርት ቤት አስፋፋ፡፡ ርካሽ ስለነበረ ዓለምን አዳረሰ፡፡ ርካሽነቱ ግን የመጣው ልጆቹን ያለ ደመወዝ በማሠራት ነው፡፡ አለቃ የሆነው ልጅ ራሱ ከሚያስተምረው በላይ ሳያውቅ ይቀራል፤ ትንሹም ከሌላ ልጅ አፍ እንደ በቀቀን የተቀበለውን ይደግማል፡፡ በመጨረሻም አሠራሩ በየአገሩ ተተወ፡፡

እንግዲህ ያችን «በተራው» የምትል ቃል ያስታውሷል፡፡ ላወቁት ሰው ማስረዳት ዕውቀትን ያጠነክራል፤ ይህን ሁላችንም በሕይወታችን አይተነዋል፡፡ ግን አንድ ልጅ ዓመቱን ሙሉ አስረጂ ከሆነ ተማሪነቱ ተነጥቋል፡፡ በተለይ በሴት ልጅ ላይ ነገሩ ይብሳል፡፡ ቤት ውስጥ ታናናሾቿን ስትጠብቅ ያደገች ልጅ ትምህርት ቤትም ገብታ «አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ ሕፃናቱን ያዢልኝ» ከተባለች፣ እናትየው ደሴ ላይ የፈሩት ነገር እዚያው መንደር ውስጥ ደረሰባት ማለት ነው፡፡

የጥናት ሰዎችስ ምን ይላሉ? የኔዘርላንዱ ሲሞን ፌንማን እ.ኤ.አ በ1995 ከሃምሳ በላይ ጥናቶችን መርምሮ በጥምር ክፍልና በተለየ ክፍል በሚማሩ ልጆች መካከል በትምህርት ውጤት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘሁም አለ፡፡ በዓመቱ ሜሰንና በርንስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተቃወሙት፡፡ በእነሱ አባባል ርእሳነ መምህራን ለጥምር ክፍል የሚመርጡት የተሻሉ ልጆችንና የተሻሉ መምህራንን ስለሆነ፣ ይህ ባይሆን ኖሮ ጥምር ክፍል ትንሽ ወደ ኋላ ይቀር ነበር፡፡ ክርክሩን ስናየው ሁለቱም ወገኖች አባትየው የፈሩትን ያህል ጥፋት አላገኙም፡፡ ሁለቱም ደግሞ ልዩነቱን የሚያመጣው የክፍሉ መቀላቀል ሳይሆን በውስጡ የሚሠራው ሥራ መሆኑን ይጠቁማሉ፡፡

በአገራችንም ነገሩ እንግዳ አይደለም፡፡ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በታችኞቹ ክፍሎች አንድ መምህር ሁሉንም የትምህርት ዓይነት እንዲያስተምርና ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉ ልጆች በቀጥታ እንዲያልፉ አድርጎ ነበር፡፡ ትምህርት ላልደረሳቸው አርብቶ አደሮችና ለሩቅ መንደሮች በተዘረጋው የአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ደግሞ የአራት ዓመቱ ትምህርት በሦስት ዓመት ተጠቃልሎ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ከአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ጎን ተቀምጦ ተምሯል፡፡ የጎደለው ምንድን ነው ቢሉ፣ መማሪያ መጽሐፉ ለአንድ ክፍል ብቻ ታስቦ የተጻፈ ነው፡፡ መምህሩም በሥልጠናው ወቅት ሦስት ክፍል በአንድ ጊዜ የመያዝን ዘዴ እምብዛም አላገኘም፡፡ ሦስት ዓይነት ትምህርት በአንድ ማታ አዘጋጅቶ ጠዋት የሚቆም ሰው ጀግና ነው፤ ጀግና ግን በየመንደሩ አይገኝም፡፡

ይህን ሁሉ አባትየው ፊት አስቀመጥንላቸው፡፡ «እሺ፣ ታዲያ የእኛዋ የትኛዋ ናት? የጃፓኗ ናት ወይስ የእንግሊዙ?» ሲሉ ጠየቁን፡፡ ይህን ከአዲስ አበባ ሆነን ልንመልስ አንችልም፡፡ ምን እንደሚያዩ ግን ነገርናቸው፡፡ በመጀመሪያ የልጅቱን ደብተር ይግለጡ፤ በውስጡ ያለው የሦስተኛ ክፍል ሥራ ነው ወይስ ከወንድሟ ደብተር ጋር አንድ ዓይነት ነው? የመምህሩ እርማትስ አለበት? ቀጥሎ አንድ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆም ይበሉና መምህሩ ከትንንሾቹ ጋር ሲሆን ልጃቸው ምን እንደምትሠራ ይመልከቱ፡፡ የተሰጣት ሥራ ይዛ ከሆነ ደግ ነው፤ እጇን አጣጥፋ ከሆነ ያሳስባል፡፡ ማታ ደግሞ ሁለት ጥያቄ ይጠይቋት፤ «ዛሬ ማንን አስረዳሽ?» እና «ዛሬ አንቺን ማን አስረዳሽ?» ለመጀመሪያው ብቻ መልስ ካላት መምህሩን በአክብሮት ማነጋገር ተገቢ ነው፡፡

መምህሩ ሲጠየቅ ሳይከፋው አይቀርም ይሆናል፡፡ ባዶ እጅ ሄዶ መውቀስና የሚያግዝ ይዞ ሄዶ መጠየቅ ግን ለየቅል ናቸው፡፡ አባትየው አናጢ መሆናቸውን የነገሩን እዚህ ላይ ነው፡፡ ሁለተኛ ሰሌዳ መሥራት ይቻል እንደሆነ ስንጠይቃቸው ሣቁ፡፡ «የመስጊዱን በር የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ሰሌዳ ምን አላት!» አሉ፡፡

በማግሥቱ መርካቶ ወርደው ሁለት ቆርቆሮ ጥቁር ቀለም ገዝተው መጥተው አሳዩን፡፡ የልጅቱን ጉዳይ ለባለቤታቸው በስልክ እንዴት እንደነገሯቸው አልጠየቅናቸውም፤ እሳቸው ግን እስከ ዓመቱ አጋማሽ ፈተና ድረስ ደሴ የሚባል ነገር በቤታቸው እንዳይነሣ መስማማታቸውን ነገሩን፡፡ አህያ ስለሌላቸው ቀለሙን ከአስፋልቱ እስከ መንደሩ ድረስ በትከሻ ነው የሚወስዱት፤ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፡፡